ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ፦ የአንድ ቅዳሜ የእግር ሽርሽር

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው ለእኔ የተነገረ ይመስለኛል። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበርሁባቸው ዓመታት ሁሉ የእንጦጦ ተራራ ከመኝታ ቤታችን ራስጌ ቆሞ ያየን ነበር። እኛ ግን ዕረፍት በመጣ ቁጥር ለላንጋኖና ለወንዶ ገነት ገንዘብ ስናዋጣ፣ ገንዘቡም አልሞላ እያለ ስንቀር፣ ያንን ተራራ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለን «አንተስ ምን ይዘሃል?» ሳንለው ተመረቅን። እንጦጦን በእግሬ ያወቅሁት አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ነው። ዘግይቼ በማወቄም አንድ የሚያሳፍር ስሕተት ሠርቻለሁ፤ እርሱን ከቦታው ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

አንባቢ ሆይ! እርስዎ ተማሪ ቢሆኑ፣ ወይም ደመወዝዎ ከወር ወር አላደርስ የሚልዎ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ ኪስ የማይጎዳ ሽርሽር ሊጋብዝዎ የተጻፈ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ቅዳሜ፣ ሁለት ጤነኛ እግርና አንድ ወይም ሁለት ጓደኛ ብቻ ነው። ትልቁን አቀበት በታክሲ ወጥተን በእግራችን የምንሄደው ለዘብ ያለውን መንገድና ቁልቁለቱን ስለሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከወንበሩ ያልተነሣ ጸሐፊ እንኳ አይቸገርበትም። የቆዳ ጫማዎን ትተው ሸራ ጫማ ያድርጉ። ከተማው ሲሞቅ ተራራው ይበርዳልና ሹራብ ወይም ነጠላ አይርሱ። አንድ ጠርሙስ ውኃና በኪስዎ አንድ እፍኝ ቆሎ ከያዙ ስንቁ ሞላ ማለት ነው። ክረምት ከሆነ ግን ይተዉት፤ ጭቃው አያስኬድም። የተመረጠው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው።

በአንድ ክር ላይ ሦስት ዶቃ

ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን አራት ኪሎ ከሐውልቱ ዘንድ ይገናኙ። ሐውልቱ የሚያዝያ 27 መታሰቢያ ነው። ይህ ቀን በታሪካችን ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ በ1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ መናገሻ ከተማቸው የተመለሱበት ቀን ነው። የሐዘኑንና የደስታውን ቀን አንድ ያደረገ ሐውልት መነሻችን ቢሆን መልካም ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ሁለቱ ተለያይተው አይገኙምና።

ከሐውልቱ አጠገብ ያለው የሳይንስ ግቢ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተበት ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። አዲስ አበባ ብዙ ከተማ ናት፤ የነጋዴ ከተማ መርካቶ ናት፣ የተማሪ ከተማ ግን ከዚህ ትጀምራለች። አራት ኪሎ የሳይንሱ፣ አምስት ኪሎ የምሕንድስናው፣ ስድስት ኪሎ የታሪኩ፣ የሕጉና የሌላው ትምህርት ግቢ ነው። ሦስቱ በአንድ ክር ላይ እንደ ተሰኩ ዶቃዎች በአንድ መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። መንገዱን የሚሞላውም ያው ነው፤ ደብተር በብብቱ የያዘ፣ ለፈተና የሚሮጥ፣ ለአንድ ማኪያቶ ሦስት ሆኖ የተቀመጠ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በር ተሰልፎ «የኔን ቶሎ በልልኝ» የሚል ወጣት ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ ላይ ሲያዘግሙ ብሔራዊ ሙዚየሙን ያገኛሉ። ሙዚየሙ ሲከፈት ደርሰው ከሆነ ለአንድ አፍታ ገብተው ድንቅነሽን ሰላም ይበሉ። ድንቅነሽ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ ተገኘች፤ ዕድሜዋም 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ሊቃውንት የዳሌዋንና የጉልበቷን አጥንት መርምረው በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበር አረጋግጠዋል። እንግዲህ የእግር ጉዞ የጀመረ ሰው ከጥንት እግረኞች አንዷን ሳይሳለም ቢያልፍ ነውር አይሆንም? እርሷ ያለ አስፋልት፣ ያለ ሸራ ጫማ ሄዳለች፤ እኛ ደግሞ ከቢሮ እስከ ታክሲ ተራ ስንሄድ «ደከመኝ» እንላለን።

አምስት ኪሎን አልፈው፣ በዝግታም ቢሄዱ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይፈጅብዎ ስድስት ኪሎ ይደርሳሉ።

የስድስት ኪሎ ግቢ

አደባባዩ መካከል የቆመውን ከፍ ያለ ሐውልት ከሩቅ ያዩታል። ከታክሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይተውት ይሆናል፤ ዛሬ ግን ዙሪያውን በእግርዎ ይዙሩት። በሐውልቱ ጎን የተቀረጹት ምስሎች የሚናገሩት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ስለሆነው ነገር ነው። በዚያ ቀን አሁን ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ ውስጥ ግራዚያኒ ለድኾች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ የፋሽስት ጦርና ተከታዮቹ በከተማው ሕዝብ ላይ ተለቀቁ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አለቀ። ቅርጹን የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። እነርሱም በጦርነት የተጎዳ አገር ልጆች ስለ ነበሩ ይመስለኛል፣ የእናቶቹን ፊት አሳምረው ያውቁታል።

የግቢው በር ላይ መታወቂያዎን አሳይተው ከተፈቀደልዎ ይግቡ። ይህ ግቢ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመረቀበት። ደም የፈሰሰበት ቤት በዓመቱ የመጻሕፍት ቤት መሆኑ ያስደንቃል። ዛሬ በቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ያለው በ1950ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲሆን፣ ሙዚየሙን የጎበኘ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍልና የአገራችንን ሕዝቦች ዕቃ፣ ልብስና መሣሪያ ያያል።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው አትክልት ውስጥ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ወጥቶ የትም የማያደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። እንግዳ ሰው ሲያየው «ቤቱ የት ሄደ?» ይላል። ደረጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ መርገጫ ሙሶሊኒ በ1922 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ያለውን አንዳንድ ዓመት እንዲቈጥር ነበር ያሰቡት። ከነጻነት በኋላ ግን ደረጃውን ማንም አላፈረሰውም። ከጫፉ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አወጡበትና ተዉት። የጠላትን ቈጠራ በአንድ አንበሳ መዝጋት መቼም ያበሻ ቀልድ ነው።

እኔ በዚህ ደረጃ ሥር ተቀምጬ ለስንት ፈተና እንዳጠናሁ አልቈጥረውም። ያኔ ማታ ማታ ከማዶ፣ ከአንበሳ ግቢ፣ የእውነተኞቹ አንበሶች ድምፅ ይሰማን ነበር። ስለ 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ስለ ሄዱት፣ የማነበው እዚሁ ነበር። ስለ ገበሬው ብዙ ሳነብ፣ ከግቢው በላይ ያለው መንገድ በየቀኑ ምን ይዞ እንደሚወርድ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወጥቼ አላየሁም።

ሽሮ ሜዳ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ የእንጦጦ መንገድ ነው። የአሜሪካን ኤምባሲ ረጅም አጥር አልፈው ጥቂት እንደ ሄዱ መንገዱ ግራና ቀኙ ነጭ በነጭ ይሆናል። ሽሮ ሜዳ ደረሱ ማለት ነው። እዚህ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ፣ ኩታው ከሱቅ ደጅ ተሰቅሎ በነፋስ ሲርገበገብ ሰንደቅ ዓላማ ይመስላል። የብዙው ልብስ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ከሱቆቹ በስተኋላ ወዳሉት ጠባብ መንደሮች ቢጠጉ የመወርወሪያውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ተቀምጦ ጥለቱን ሲያወጣ በእጁ ብቻ ሳይሆን በእግሩም ይሠራል። ለመግዛት ካላሰቡ ዋጋ አይጠይቁ። «ለጋብቻሽ ነው ወይስ ለእናትሽ?» ብለው ከጀመሩ ነጋዴዎቹ በቀላሉ አይለቁም።

ቁርስ ያልበላ እዚህ ይብላ። ዳቦ በሻይም ቢሆን፣ ፍርፍርም ቢሆን ይገኛል። ከዚያም ከታክሲው ተራ ሄደው ወያላው «እንጦጦ! ማርያም!» የሚለውን ይሳፈሩ። መኪናው እየታጠፈ ሲወጣ ጆሮዎ ድፍን ይላል፤ አይፍሩ፣ ምራቅ ሲውጡ ይለቅዎታል። ከ2400 ሜትር በላይ ከሆነው ከተማ ተነሥተው 3000 ሜትር ወደሚጠጋ ከፍታ በአጭር ጊዜ እየወጡ ነውና።

ከተራራው ራስ

እንጦጦ ማርያም ሲወርዱ በመጀመሪያ የሚቀበልዎ የባህር ዛፍ ሽታ ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን የሚያጥኑን ያ ሽታ። ቀጥሎ ብርዱ ነው። ቀስ ብለው ይራመዱ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የለመደ ሯጭ ካልሆኑ ቶሎ ያለከልካል። የለመዱትን ሯጮች ደግሞ በጧት ከመጡ በመንገዱ ዳር ያዩዋቸዋል፤ ለእኛ መተንፈስ የሚያስቸግረን ስፍራ ለእነርሱ የልምምድ ሜዳ ነው።

አዲስ አበባ ከመወለዷ በፊት መናገሻው ይህ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህች በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በአጠገቡ ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥታቸውን ሲያዩ ይደነቃሉ፤ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ከአንድ ባለጸጋ ገበሬ ቤት ብዙም የማይበልጥ ነው። የዓድዋው ንጉሥ ከዚህ ቤት ነው የተነሣው። ነገር ግን ተራራው ለጦር መጠበቂያ እንጂ ለኑሮ አልተመቸም፤ ብርዱና ነፋሱ ከባድ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከታች ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ ወዲህ ከተማው ወደ ታች ወረደ፣ እንጦጦም የማርያምና የራጉኤል ደብር፣ የነፋስና የዛፍ አገር ሆኖ ቀረ።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ላሳይዎ ይፍቀዱልኝ። ከጀርባው ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ ደቡብ ያድርጉ። ከተማው ከእግርዎ ሥር ተዘርግቷል፤ ከበላዩ በስተምሥራቅ የረር፣ በሩቅ ፊት ለፊት ዝቋላ፣ በስተምዕራብ ፉሪና ወጨጫ ይታያሉ። አሁን ዞር ብለው ወደ ሰሜን ቢያዩ የሱሉልታ ሜዳ ነው። የቆሙበት ጀርባ የውኃ ድንበር ነው። በሰሜኑ ጎን የወረደች የዝናብ ጠብታ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ገብታ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጣ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ትሄዳለች። አንድ እርምጃ ወደ ደቡብ የወደቀችው እኅቷ ግን በቀበና ወይም በቀጨኔ ወርዳ አዋሽን ትከተልና ባሕር ሳታይ በጂቡቲ ድንበር ካለው ከአቤ ሐይቅ ትቀራለች። ሁለቱ ጠብታዎች ከአንድ ደመና የመጡ ናቸው፤ የለየቻቸው አንዲት እርምጃ ናት። ይህን ለተማሪዎቼ በጠመኔ ስነግራቸው ያዛጋሉ፤ ወደዚህ ባመጣኋቸው ቀን ግን አንድ እግራቸውን ከወዲህ፣ አንዱን ከወዲያ አድርገው «እኔ ዓባይም አዋሽም ነኝ!» እያሉ አስቸገሩኝ።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ገብቶ መዋል ለሚፈልግም መቀመጫው፣ ቡናውና መጫወቻው አለለት። የእኛ ሽርሽር ግን ወደ ታች ነው።

በጫካው ውስጥ

ሲመለሱ ታክሲውን ይተዉትና ዋናውን መንገድ ከዓይንዎ ሳያርቁ፣ አጥር የሌለበትንና ሰው የሚመላለስበትን መንገድ ይዘው በዛፎቹ መካከል ይውረዱ። ለብቻ አይሂዱ፤ ከመሸም አይቈዩ። ጫካው ማታ የጅብ ነው።

የሚያዩት ዛፍ አብዛኛው ባህር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚነግርዎ አገር በቀል አይደለም፤ ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ችግኙ ቅጠሉ ክብና አመድማ ነው፤ ሲያድግ እንደ ማጭድ ይረዝማል፤ ልጡም እየተላጠ እንደ ገመድ ይንጠለጠላል። አንዳንዱን ጉቶ ቆም ብለው ቢያዩት ከአንድ ግንድ ሦስትና አራት ቀጫጭን ዛፎች ወጥተው ያገኛሉ። ሲቈረጥ አይሞትም፤ ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ከበታቹ ግን ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፤ ውኃም ይጠጣል። አልፎ አልፎ በደብር አጥር ውስጥ የሚያዩት ጽድና ወይራ የጥንቱ ደን ምስክር ነው። በዚህ ተራራ ላይ በየጊዜው አገር በቀል ችግኝ የሚተከለውም ያ ደን እንዲመለስ ነው።

ይሁን እንጂ ባህር ዛፍን ከመውቀስዎ በፊት ውለታውን ይስሙ። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ አለቀ። ሕዝቡ እንጨት ፍለጋ ራቅ ወዳለ አገር መሄድ ግድ ሆነበት። ያን ጊዜ እንጨት ሲያልቅ ከተማ ትቶ መሄድ የነገሥታት ልማድ ነበር፤ ምኒልክም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መናገሻ መሥራት ጀመሩ። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባህር ዛፍ ግን በፍጥነት አደገ፤ በየግቢው ተተከለ፤ ከተማውም ባለበት ቀረ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ደግሞ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ መናገሻ ከተማችን ዛሬ ካለችበት ስፍራ እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህ እንግዳ ዛፍ ነው።

አሁን የገባሁልዎትን ቃል ልፈጽም። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች «ባህር ዛፍ ለአዲስ አበባ ከተማ የሰጠውን ጥቅም ግለጹ» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። የጠበቅሁት መልስ ከዚህ በላይ የነገርሁዎትን ነበር። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እናቴ ከእንጦጦ በጀርባዋ ታወርደዋለች። እኛ በእሱ እንኖራለን።» እኔም በቀይ ቀለም «ከጥያቄው ውጭ» ብዬ ጻፍሁበትና ሁለቱን ማርክ ነፈግኋት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ቁልቁለት ስወርድ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሁለት እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘሁ። ከእነርሱ ቁመት የረዘመ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ላይ በገመድ ታስሯል። ታናሺቱ ስታየኝ ብድግ ለማለት ሞከረችና ገመዱ ያዛት።

«ቲቸር!» አለች።

ያቺው ልጅ ናት። እናቲቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አስተማሪሽ ናቸው እንዴ?» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አይቀየሙን ጌታዬ። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ነው ያስከተልኋት። በትምህርት ቀን አላመጣትም፤ ማርያምን!»

የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ምን እንደምመልስ ጠፋኝና «እስቲ ጥቂት ላግዝዎ፣ እማማ» ብዬ የእናቲቱን ሸክም ገመድ ያዝሁ። ጐተትሁት፤ አልተነሣም። ደግሜ በሁለት እጄ ብይዘው ከድንጋዩ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጅቱ አፏን በእጇ ሸፈነች። እናቲቱ ግን ሳቃቸውን ሊይዙት አልቻሉም።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «ይሄ እንደ ደብተር አይደለም።»

ከዚያም ጀርባቸውን ለሸክሙ ሰጥተው፣ ገመዱን በደረታቸው አሳልፈው፣ አንድ ጊዜ «እሰይ ማርያም» ብለው ተነሡ። ልጅቱም ተነሣች። ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ፣ በትንንሽ ፈጣን እርምጃ ቁልቁል ወረዱ። እኔ ባዶ እጄን ከኋላቸው እየሄድሁ ላገኛቸው አልቻልሁም።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ቀላል ነው። መጽሐፉ «ባህር ዛፍ ከተማውን አዳነ» ሲል እውነቱን ነው፤ ግን ዛፍ እግር የለውም። ከእንጦጦ ራስ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ምጣዱ ሥር ያወረደው የሰው ጀርባ ነው፤ ይልቁንም የሴት ጀርባ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የበላሁት እንጀራ የተጋገረው በየትኛው ሸክም እንደሆነ አላውቅም። ልጅቱ የጻፈችው መልስ ከጥያቄው ውጭ አልነበረም። ከጥያቄው ውጭ የነበርሁ እኔ ነበርሁ።

ሰኞ ጧት የማርክ መዝገቤን አውጥቼ ሁለቱን ማርክ መለስሁላት። ለክፍሉም መልሷን፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፌ በመጀመሪያ የተሳሳትሁት እኔ መሆኔን ነገርኋቸው። ከኋላ ወንበር ቀና ብላ ስታየኝ አየኋት። ሌላ ያደረግሁት ትልቅ ነገር የለም፤ ሁለት ማርክ ሸክም አያቀልም።

መመለሻ

ወደ ቁልቁለቱ ልመልስዎ። ከማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ፣ እያረፉና እያወጉ ቢሄዱ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጕልበትዎ ከተንቀጠቀጠ በረጅሙ መዝለልን ትተው በአጭር በአጭሩ ይራመዱ፤ እንጨት ተሸካሚዎቹ የሚያውቁት ጥበብ ይህ ነው። እነርሱን በመንገድ ካገኙ ወደ ዳር ወጥተው ያሳልፏቸው፤ ሸክም የያዘ ሰው በቁልቁለት ላይ ድንገት መቆም አይችልም። ሳይጠይቁም ፎቶግራፍ አያንሷቸው። «በርቱ!» ማለት ግን ምንም አያስከፍልም፤ «አሜን» የሚል መልስም ያስገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ቤቶች የቆርቆሮ ክዳን ሲታይ፣ ጢሱም ከየግቢው ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ የምሳ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሽሮ መብላት ለሽርሽሩ የሚገባ ፍጻሜ ነው። በማገዶ የተጋገረ እንጀራ ካጋጠመዎ ከበታቹ ያለውን ሽታ ልብ ይበሉ፤ ሲወርዱ ያሸተቱት ያው ዛፍ ነው።

ጕልበት የቀረው እስከ ስድስት ኪሎ በእግሩ ይውረድና ከግቢው ፊት ለፊት ካሉት ሻይ ቤቶች ባንዱ ይቀመጥ። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ፊቴን ወደ ሰሜን አድርጌ ነው። በአጠገቤ ተማሪዎች ስለ ውጤታቸው፣ ስለ ፍቅራቸው፣ ስለ አገር ጉዳይ ይከራከራሉ፤ ከበላያቸው ተራራው እንደ ድሮው ቆሟል። አንዳንዴ አንዱን «ወጥተህበት ታውቃለህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። «ምን አለው ብዬ?» ይለኛል። እኔም እንደርሱ ነበርሁና አልቈጣም።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ መንገዱን ነግሬዎታለሁ። ሩቅ አገር ያየ ሰው ብዙ ይናገራል፤ ደጁን ያየ ሰው ግን በገዛ ከተማው እንግዳ አይሆንም። የሚመጣው ቅዳሜ ፀሐይ ከሆነ ጓደኛዎን ይቀስቅሱና ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ከሐውልቱ ዘንድ ይገኙ። መልካም መንገድ ይሁንልዎ።